ካርቶኑ ሳይከፈት ስለ ሰጠሁት ምስክርነት

ለተከበሩ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ዕቃዎች መደብር ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ የርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከቀኝ ትከሻዬ በስተቀር ደኅና ነኝ። ትከሻዬም የታመመው ከመደብርዎ የገዛሁትን ራውተር፣ ሠራተኛዎ በስልክ በመከረችኝ መሠረት፣ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ለግማሽ ሰዓት ይዤ በመቆሜ ስለሆነ ጥፋቱ የትከሻዬ ነው።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህ ካላስታወሰዎ ወደ መስኮትዎ ቀና ይበሉ። እዚያ የበር ያህል ሰፍቶ የተሰቀለው የደንበኛ አስተያየት፣ «ከግድግዳ አልፎ፣ ከደጅ ተርፎ፣ ጎረቤት የሚያዳርስ ራውተር» የሚለው፣ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ስጽፈው ራውተሩ በካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ካርቶኑም እንደታሸገ ነበር። ሠራተኛዎ የዋስትናው ማኅተም የሚመታው የአስተያየት ቅጹ ከተሞላ በኋላ መሆኑን ስትነግረኝ «ጥሩ ነው» ብዬ መውጣት እችል ነበር። ነገር ግን ብዕርና ባዶ መስመር ሳይ ራሴን መግዛት ስለማልችል፣ ከኋላዬም ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያነቡ ስለነበር፣ ቤት እስኪመታ ድረስ ጻፍሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ሁለቱም አግኝተውኛል።

አሁን ካርቶኑን ስለከፈትሁ፣ ሐቀኛ አስተያየቴን ዘግይቼም ቢሆን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ራውተሩ አረንጓዴ መብራቱን ቀን ከሌት ያበራል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። አጠገቡ ሲቀመጡ ይሠራል፣ አንድ ክንድ ሲርቁ ያቅማማል፣ መጋረጃ ካለፉ ያልፋል። ግድግዳን በተመለከተ የጻፍሁት ስለ ሌላ ግድግዳ መሆን አለበት።

፪ኛ. ከራውተሩ ጋር የገዛሁት ገመድ አልባ ማውስ ወደፈለገበት ይሄዳል። የአንዲት ደንበኛዬን የፍቺ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አጠፋብኝ፤ ሦስተኛውን ጽፌ ሳልጨርስ ሴትየዋ ከባሏ ታርቃ መጣችና ወረቀቱን ተወው አለችኝ። ስለዚህ ማውሱ ለትዳር ተስማሚ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

፫ኛ. በስጦታ የተሰጠኝ ማውስ ፓድ እስካሁን አልተበላሸም።

፬ኛ. ራውተሩን ልመልስ በመጣሁ ጊዜ ሠራተኛዎ በፍጹም ጨዋነት ፋይል አውጥታ፣ ምስክርነቴን በሰልፉ ሁሉ ፊት ከፍ ባለ ድምፅ አንብባ፣ ጋሼ ይህን ያህል የሚሠራ ዕቃ ለምን ይመልሳሉ ስትል ጠየቀችኝ። ዕቃው በሚገባ እንደሚሠራ በፊርማው ያረጋገጠ ደንበኛ በዋስትናው መጠቀም እንደማይችል ከቅጹ ጀርባ በደቃቅ ፊደል መጻፉንም አሳየችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለባለጉዳይ ሁሉ ሳታገላብጥ አትፈርም እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሰልፉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ደንበኛዬ ነበረ፤ ደኅና ዋልህ እንኳ አላለኝም።

፭ኛ. እስካሁን ያለው ለኔ የሚገባኝ ነው። ይህኛው ግን ለእህቴ አይገባትም ነበር።

ታላቅ እህቴ የጽሑፍ አራሚ ናት። ትሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ተዘግቶ ስምንት ወር ሥራ ፈልጋ፣ በመጨረሻ ሌላ ከተማ ያለ አሳታሚ በቪዲዮ ሊያነጋግራት ቀጠራት። ለዚያ ቀን ራውተር ስትፈልግ በመደብርዎ በኩል አለፈች፣ መስኮቱን አየች፣ የእጅ ጽሑፌን ለየች። ሳትደውልልኝ ገዛች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እርሷ ስለሆነች በጽሑፌ ታምናለች፤ ይቅርታ፣ ታምን ነበር።

በቃለ መጠይቁ ሦስት ጠያቂዎች ነበሩ። ስሕተት ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ ብለው ጠየቋት። እህቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ምስሏም እንደዚያው አፏን እንደከፈተች ቆመ። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ጠያቂዎቹ የላይኛውን ጥርሷን ሲመለከቱ ቆይተው ተሰናበቱ። በማግስቱ የምስክርነቴን ፎቶግራፍ በቀይ አስምራ በደጃፌ ሥር አስገባችልኝ። ከግርጌው «ሰዋስዉ ደኅና፣ ነገሩ ውሸት» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱ ከዚያ መስኮት ካልወረደ ደጇን እንዳልረግጥም ጨምራለች።

ጠያቂዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩና ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጧት። በዚያ ቀን ያዳናት ከቤቷ ሥር ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ በፕላስተር ከታሰረ አሮጌ ራውተሩ በመስኮት በኩል ገመድ ስቦ አገናኛት። የርሱን ዕቃ ማንም አወድሶት አያውቅም። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ላይ ናት፤ ይህንንም የሰማሁት ከጸጉር አስተካካዩ ነው፣ ያውም ጸጉር ሳይኖረኝ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ያውርዱልኝ። ሠራተኛዎን ሦስት ጊዜ ለምኛት፣ አስተያየቱ የመደብሩ ንብረት እንደሆነና ከተሰቀለ ወዲህ የራውተሩ ገበያ እንደደራ በደስታ ነግራኛለች። እንዲያውም ስለ አዲሱ ኪቦርድ እንድጽፍ ጠይቃኛለች። ኪቦርዱ በካርቶን ውስጥ ነበር።

ለሰጡኝ ትምህርትና ለማውስ ፓዱ ያለኝን ምስጋና እየገለጽሁ፣ መብራትዎ እንደ ራውተርዎ ዘወትር አረንጓዴ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ከማይናቅ አክብሮት ጋር፣
በመስኮትዎ የተሰቀልሁት ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለእህቴ
ለጸጉር አስተካካዩ
ለመስኮቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት በእህቴ ደጃፍ ሥር አስገብቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት አራት ቦታ በቀይ ታርሞ በዚያው በደጃፉ ሥር ወጣልኝ፤ ከግርጌው ምንም አልተጻፈበትም፣ ውሸት የሚል ቃልም የለበትም። ወረቀትዎ ከመስታወቱ በስተውስጥ ስለሆነ ልደርስበት አልቻልሁም፤ ይህን ግን በውጭ በኩል፣ በትክክል ከላዩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሙጫው ከመደብርዎ የተገዛ ስላልሆነ ዝናብም ሆነ ጥፍር እንደማያስለቅቀው እመሰክራለሁ፤ ይኸኛውን ግን ከመመስከሬ በፊት በራሴ በር ላይ ሞክሬዋለሁ።