ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አባት

በሩቅ ያለውንም በቅርብ ያለውንም እኩል በሚያይ በልዑል እግዚአብሔር ስም፣ ለምወድሽ ልጄ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እኔ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ደኅና ነኝ። ለፊንጢጣዬ ካንሰር የተሰጠኝ የጨረር ሕክምና ካለቀ ሦስት ወር ሆነው። ሐኪሙ «አንጀትዎ በጨረሩ ተቆጥቷል፤ ጊዜ ይፈልጋል» ብሎኛል። ከቤት በምወጣበት ቀን እህል አልቀምስም።

በቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት ቆሜ ያነበብሁበትን አትሮንስ ለደቀ መዝሙሬ ትቼ አሁን ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዘበኛው «የኔታ፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ባለፈው እሑድ ግን እየተጣደፍሁ ወጥቼ ስመለስ፣ አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ ወንበሩን ፈቀቅ አድርጎ አገኘሁት። ምናልባት የበሩ ነፋስ በርዶት ይሆናል።

በልጅሽ ሠርግ ላይ ቆሜ እንድመርቃት ጠይቀሽኛል። ምርቃቱ አጠር ቢል ቅር ይላት ይሆን? ወደ እናንተ የሚያመጣኝ አውቶቡስስ በመንገድ ስንት ጊዜ ይቆማል? ሾፌሩ ሽማግሌ ሲለምነው የሚያቆም ሰው እንደ ሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ለአንድ ቀን መንገድ ሦስት ሱሪ በሻንጣዬ አኑሬ መልስሽን እጠብቃለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንና ባለቤትሽን በሰላም ያኑርልኝ፤ የሙሽራይቱን ዘመን ይባርክ፤ ቤታችሁን ከመከራ ይሰውር። አሜን።

አባትሽ