የተጠረጉት ኮከቦች

ኅዳር 3
ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሞላኝ። ጠዋት ብርድ ነበር። መነጽሬን ወልውዬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት መዝገበ ቃላት በቋንቋ ማኅበሩ ድረ ገጽ ሊወጣ ነው። እኔ ስጽፍ፣ አማቼ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ሲያርም የኖርንበት ሥራ። ማኅበሩ ከዚህ ወር ያለፈውን አይቀበልም። ፋይሉን ጫንሁ። “ፋይሉ አልተነበበም” አለኝ። ሌላ ማብራሪያ የለም። ለሰው እንኳ እንዲህ ፊት አይነሣም…

ኅዳር 5
የማኅበሩ የቴክኒክ ባለሙያ ደወለች።
“አባባ፣ ዓምዶቹን በምን ለይተዋቸው ነው?”
“በነጠላ ሰረዝ፤ እንደ ታዘዝሁት።”
“በእኛው?”
“ታዲያ በማን?”
ሳቀች። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲኑን ብቻ ነው አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥርዐተ ነጥብ ያስተማርሁ ሰው! ለወጥሁ።
“ለመሆኑ የት ነው የሚቀመጠው?”
“ደመና ላይ፣ አባባ።”
“ሲዘንብስ?”
እንደገና ሳቀች።

ኅዳር 8
አሁን ይነበባል። ግን ኮከብ ያለባቸውን ረድፎች ይጥላል። ኮከቧ ከባለቤቴ አፍ ከሰማኋቸው ቃላት ፊት የማኖራት ምልክት ናት። ልብስ እያጠበች፣ እየሳቀች፣ እየተቆጣችኝ… “ይኸንንም ጻፈው እንግዲህ!” ትለኝ ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመት።
“ያጥፏቸውና ይለፍ” አለች ባለሙያዋ።
“አይሆንም፣ ልጄ፤ የባለቤቴ ቃላት ምልክት ናቸው።”
“እንግዲያው አዲስ ዓምድ ይክፈቱ። ‘ምንጭ’ ይበሉት፤ እዚያ ስማቸውን ይጻፉ።”
ተባረኪ! ጀመርሁ። ስሟን ደጋግሞ መጻፍ… እንዴት ደስ ይላል።

ኅዳር 14
ጨርሼ ጫንሁ። ቅርጹን አልፎ መግቢያው ላይ ሲደርስ ሁሉንም መለሰብኝ። “ይህ ቃል አስቀድሞ ገብቷል።” እያንዳንዱ ረድፍ። በማን?
ለባለሙያዋ ደወልሁላት፤ ማሽኑን ፈተሸች። ከዚያ የአማቼን ስም ጠራች። ባለፈው ወር ጭኖታል። ለእርማት የሰጠሁትን ቅጂ!
ገጹን ከፈትሁ። ፍቺዎቹ የእኔ፤ ማሳያ ዐረፍተ ነገሮቹም የእኔ። አዘጋጅ በሚለው ሥር የእርሱ ስም ብቻ። ኮከብ የለም። አንድም።

ኅዳር 15
ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

ኅዳር 17
ደወልሁለት።
“ወንድምዬ! እንዴት ሰነበትህ?”
“ስሜ የት ሄደ?”
“እሱማ… ማሽኑ ነው። አንድ አዘጋጅ ብቻ ነው የሚቀበለው።”
“እና ያንተ ሆነ?”
“የጫንኩት እኔ ነኛ! አንተ እኮ ኮምፒውተሩ ላይ የፊደል ቁልፍ ስትፈልግ ነው የሚመሽብህ።”
“ኮከቦቹስ?”
“አላሳልፍ አሉ። በአንዴ ጠራረግኳቸው።”
“የማን እንደ ሆኑ ታውቃለህ።”
“አውቃለሁ። ሞታለች እኮ! ለማን ብዬ?”
እኅቱ ናት… የአንድ እናት ልጅ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ኅዳር 18
ባለሙያዋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ አዘጋጅ የሚለው ቦታ ስንት ስም ይቀበላል?
“የፈለጉትን ያህል። በነጠላ ሰረዝ መለየት ነው።”
በማሽን ላይም በሐሰት ይመሰከራል?
“ሁለት አማራጭ አለ፣ አባባ። ‘ዝለል’ ካሉ የእሳቸው እንዳለ ይቆያል። ‘ተካ’ ካሉ የእሳቸው ጠፍቶ የእርስዎ ይገባል። የመጀመሪያው የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ መሆኑን ስለሚያውቅ ማኅበሩ ፈቅዶልዎታል።”
“ላስብበት” አልኋት። ምኑን እንደማስብ ግን… እንጃ።

ኅዳር 21
“ተካ” የሚለውን ነካሁ። ገባ። በምንጭ ዓምድ የባለቤቴ ስም እየደጋገመ እስከ ታች ይወርዳል። ረዥም ጊዜ አየሁት።
አዘጋጅ በሚለው ሥር ስሜን ጻፍሁ። ነጠላ ሰረዝ አደረግሁ፤ የላቲኑን። እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ… ያረመው እርሱ ነው፤ አልክድም። ስሙን አስከተልሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ አለው። በቤቴ ግን ከእንግዲህ የለውም።
ለራሴ ብቻ የጻፍኋቸውን እነዚህን ዕለታት በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኋቸው፤ “ለማን ብዬ?” ላለው ሰው። “ይኸንንም ጻፈው” ካለችበት ፊት ኮከቧን በቀይ ቀለም አኖርሁ። ፖስታውን አሽጌ ልኬለታለሁ።