የትርንጎ ጉንጭ

ሰኞ

«በእመብርሃን፣ ዛሬስ እመነኝ፣ ቀብቻታለሁ!» አልኩት ሐኪሙን። ጮህኩ መሰለኝ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቅባቱን ቱቦ ጨምቄ አሳየሁት፣ ባዶ ነው። እሱ ግን «ፊቷን አታጥቢያትም» ብሎ ያንኑ ቅባት ጻፈ። ልጄ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ላይ እብጠቱ ሲወጣ ትንኝ የነከሳት መስሎኝ ነበር፣ ይኸው ከፋሲካ ወዲህ አልጠፋም። ሽንብራ አክሏል። ከዓይኗ ሥርም ሌላ ጀመራት። አያማትም፣ አያሳክካትም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ስንመለስ ጎረቤቶቼ «ትርንጎ፣ ስምሽ ፊትሽ ላይ በቀለልሽ?» ብለው ተሳሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች።

ማክሰኞ

አማቴ «የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው፣ ዋሻ ያስተኛሻት አንቺ ነሽ» አሉኝ። የዋሻውን ጠበል አስጠምቂያት ብለው የላኩኝ ራሳቸው! ማጭድ አግሎ የሚተኩስ ሰውዬ አለ፣ እሱ ይምጣ ይላሉ። «እናትዬ፣ እግርዎን ልሳም፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩ።

«የሴት ልጅ ፊት ነው። ማን ያገባልሻል?»

ኮን ከተማ ግንብ ለሚሠራው ባሌ ደወልኩ። «እናቴ ታውቃለች፣ አንቺ ምን አውቀሽ» ብሎ ዘጋብኝ።

ረቡዕ

ዛሬ ሌላ ሐኪም አገኘሁ፣ ሴት ናት። መቼ እንደጀመራት ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ጠርዙን በምላጭ ጫር አድርጋ ላቦራቶሪ ላከችው። «ቁንጭር የሚባል የቆዳ በሽታ ነው። የምታመጣው ትንሽዬ ዝንብ ናት እንጂ የሌሊት ወፍ አይደለም። መርፌ አለው፣ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ትወጋለች። እንዳታስተኩሻት» አለችኝ። ቆሻሻ አይደለሁም! መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ሐሙስ

ውኃ ልቀዳ ወረድኩ፣ ልጄን ለአማቴ ትቼ። ጩኸቷን ከምንጩ ሰማሁት። ስደርስ ሰውዬው ጉንጯን ተኩሶ ማጭዱን ይጠርጋል። አማቴ እግሯን ይዘዋታል። ሽታው፣ የልጄ ሥጋ ሽታ። «ጎበዝ ናት፣ ወንድ እንኳ እንዲህ አይችል» ይላል እየሳቀ።

የዓይኗን ሥር ነገ ጠዋት ነው። በአንድ ቀን ሁለት አይተኮስም አሉ።

የሐኪሟን ወረቀት ዘረጋሁላቸው። «ወረቀት ይፈውሳል?» አሉኝ። ደሴ ልውሰዳት ብል «ያለ አባቷ ቃል ከደጅ አትወጣም» ብለው በሩ ላይ ተቀመጡ።

ደወልኩለት። ፎርማኑ አነሳው፣ ባልሽ ግንቡ ላይ ነው አለ። «ልጅህ ዓይኗ ሊጠፋ ነው በለው፣ ለእናቱ ደሴ ትሂድ ይበላቸው፣ አንድ ቃል ብቻ...» ስል ካርዴ አለቀ። ይንገረው አይንገረው እንጃ።

ትርንጎ እቅፌ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። እባክህ ደውልልኝ። ጀምበር ሳትጠልቅ ደውል።