ለአንድ ጠዋት ቴክኒሻን ስለነበረችው እህቴ

ለሴቶችና ለልጃገረዶች ዕድል የከፈቱ ድርጅቶችን መርጦ ለሚሸልመው፣ እጅግ ለተከበረው ኮሚቴ

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ሰንብታችኋል? ሽልማት ማደል ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ መሆኑን ስለምረዳ፣ ጤናችሁ፣ በተለይም ብዙ ላለማየት የሚደክመው ዓይናችሁ፣ ደኅና ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ዘንድሮ አንደኛ ባላችሁት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ አንገትጌ ሰፊ ነኝ። በፖስተራችሁ ላይ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ መፍቻ ይዛ፣ ማሽን ላይ ያጎነበሰችው ታናሽ እህቴ ናት። ስለ እርሷ የማቀርበው ምስጋና አለኝ።

፩. ስለ ቱታው እናመሰግናለን። እህቴ ክር ቆራጭ ነበረች። የማሽን ጥገናን የለመደችው በምሳ ሰዓቷ የተጣሉ ማሽኖችን እየፈታችና እየገጠመች ነው። ለቴክኒሻንነት ተፈትና አንደኛ ስትወጣ፣ የአስተዳደር ኃላፊው «የኔ እህት፣ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ፤ ቦታው ይባክናል» ብለው፣ ሥራውን ራሷ ላሳየችው ሰውዬ ሰጡት። እናንተ ልትጎበኙን በመጣችሁበት ጠዋት ግን የሰውዬውን ቱታ አስወልቀው አለበሷት። ፎቶ አነሣችኋት፤ «በርቺ» አላችኋት፤ መኪናችሁ ከግቢው ሳይወጣ ቱታው ተገፈፈ።

፪. አንዳችም ጥያቄ ስላልጠየቃችሁ እናመሰግናለን። «በዚህ ሥራ ላይ ስንት ጊዜሽ ነው?» ብትሏት ኖሮ፣ እህቴ መዋሸት ስለማይሆንላት፣ ጉድ ይፈላ ነበር።

፫. ፖስተሩንም ስለላካችሁልን። ፋብሪካው መግቢያው በር ላይ ሰቀለው፤ እህቴም በየጠዋቱ በገዛ ፊቷ ሥር እያለፈች መቀሷን ታነሣ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ «እታለም፣ እዚያ ላይ ባለችው ልጅ እኮ ቀናሁባት» አለችኝ።

፬. ይህኛው የእናንተ ሥራ ባይሆንም ሳታውቁት ረድታችኋል። ባለፈው ወር የእኛ መስመር ማሽኖች ተራ በተራ ቆሙ። ባለ ቱታው ላብ በላብ ሆኖ ሲያቅተው ኃላፊው እህቴን አስጠሯት። «እኔ ክር ቆራጭ ነኝ፤ ማሽን የምነካ ከሆነ በደብዳቤ ይሰጠኝ» አለች። በንዴት ጻፉላት፦ «በቴክኒክ ሠራተኛነትሽ ማሽን አልጠግንም በማለትሽ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል፣ ማኅተም የተመታበት። እህቴ ደብዳቤውንና ፖስተራችሁን አብራ ጠቅልላ የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ወደሚታይበት ቢሮ ሄደች። ኃላፊው «ፖስተሩማ ለፎቶ ያህል ነው» ሊሉ ሲጀምሩ፣ ጉዳዩን የያዙት ወይዘሮ መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲህ ወይ ሽልማቱ ውሸት ነው፣ ወይ ልጅቱ ቴክኒሻን ናት፤ አንዱን ይምረጡ» አሏቸው።

መረጡ። ከሰኞ ጀምሮ እህቴ ማሽን ትጠግናለች። እኛም ስንሰፋ ዓይናችን እርሷ ላይ እየቀረ፣ እጃችን መርፌ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ለከፈታችሁት ሳይሆን ተከፍቶ ለመሰላችሁ በር ሁሉ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣

ፎቶ ያልተነሣችው እህት፣ አንገትጌ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፍ አየሁት፤ ስምንታችሁም አምሮባችኋል። የስምንቱም አባቶቻችን ስም ከነማዕረጉ ከሥር ተጽፏል። ዋንጫውን በትሪ ይዛ የቆመችው ሴት ግን ስሟ ማን ነው?