ቀንድ አውጣ የቀመሰው

ሐምሌ 3
ዝናብ። ከጫካው ግንድ ስንጎትት ዋልን፤ መዳፌ ተላጠ። የቀለብ መኪናው ዛሬም አልመጣም፤ ስለዚህ እራታችን የተለቀመ እንጉዳይ ነው። የአለቃችን የካቦው ሕግ አጭር ነው፦ «ቀንድ አውጣ የቀመሰውን እንጉዳይ ሰውም ይበላዋል።» ምግብ አብሳያችን እትዬ ግን ነጩን እንጉዳይ ለይተው ጣሉት።
«ንክሻው አይታይሽም?» አለ ካቦው።
«የቀንድ አውጣ ሆድና የሰው ሆድ አንድ ነው ያለህ ማነው?»
«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆንሽ!»
ሰዉ ሳቀ። ካቦው አልሳቀም፤ በቀበቶ የእትዬን ፊት ገረፈ። ነጩን ቀቅሎ ለብቻው በላ፤ ሊያካፍለን እንኳ አልወደደም። እኔ? ሳህኔ ላይ አቀረቀርሁ።

ሐምሌ 4
ካቦው ሲያስታውክ አደረ። «አልሞትም አይደል?» ብሎ እጄን ያዘ… የእኔን!

ሐምሌ 5
ዳነ። እንደ ተነሣ እትዬን በፍልጥ መታቸው። «አሟረትሽብኝ!» የክንዳቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ማንም አልተነሣም። እኔስ ምን ይዞኝ ተቀመጥሁ?

ሐምሌ 7
የካቦው ዓይን እንደ ብርቱካን ቢጫ ሆነ። ከቀትር በኋላ ሞተ። አላዘንሁም። ኃጢአት ይሆን?

ሐምሌ 8
የቀለቡን መኪና የሚነዳው የካቦው ወንድም ደረሰ፤ ሬሳ ጠበቀው። «መርዘኛዋ የት አለች?» ገመድ አወጣ። ከእትዬ እጅ ሲበሉ የኖሩት ሁሉ ከኋላው ተሰለፉ።
እትዬ ያሉበት ወጥ ቤት በር ላይ ቆምሁ። ጠዋት ነቅዬ ያኖርሁትን ነጭ እንጉዳይ ዘረጋሁለት፤ ቀንድ አውጣው ገና ላዩ ላይ ሆኖ ይግጠዋል።
«ወንድምህን የገደለው ይህ ነው።»
«ቀንድ አውጣው ይኸው በሕይወት አለ! እንግዲያው እንጉዳዩ ንጹሕ ነው፤ መርዙን የጨመረችው እሷ ናት።»
«እውነቱን ነው!» አሉ ሰዎቹ። እትዬን ላድን ብዬ ይባስ አስያዝኋቸው…
ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። «ንጹሕ ከሆነ ጉረሰው» አልሁት።
ቀንድ አውጣውን አራግፎ እንጉዳዩን ወደ አፉ አስጠጋ። ከንፈሩን ነካ። እጁ ቆመ… ወረወረው። ከዚያ በቡጢ አፌን አፈረሰው፤ መሬት ላይም ረጋገጠኝ። ገመዱን ግን ያነሣለት ሰው አልተገኘም።

ሐምሌ 9
ከእትዬ ጋር ከጫካው በእግር ወረድን። እሳቸው ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው፣ እኔ ያለ ፊት ጥርሶቼ።
«እንጀራህን አሳጣሁህ፣ ልጄ።»
«ማኘኪያውም የለኝ፣ እትዬ።»
እያቃሰቱ ሳቁ። ከኋላችን መኪና ተሰማ፤ እትዬ ወደ ቁጥቋጦው ጎተቱኝ። አልሄድሁም። መጥረቢያዬን ጨብጬ መሐል መንገድ ቆምሁ። የካቦው ወንድም ነበር፤ ሬሳውን ጭኖ። ፍጥነቱን ጨመረ… ተጠጋ… በመጨረሻ መሪውን ጠምዝዞ በጭቃው አለፈ።
ቢያቆምስ ኖሮ? በመጥረቢያው አንገቱን ነበር የምለው። እጄ ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ አይደለም፤ ይህ እጄ ነው።