ሁለት ቢሮ ያኳረፈ ዕጢ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛልኝ። የእኔን ጤና በተመለከተ መልስ የሚሰጠው ክፍል ገና ስላልታወቀ ለጊዜው አልጽፍልዎትም።

እኔ የቦሳ ኪቶ ነዋሪ፣ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገልኩ ጡረተኛና የማህፀን ካንሰር ታማሚ ነኝ። በሽታው ከተስፋፋ በኋላ፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ጥናት ውስጥ ስላስገባችሁኝ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱ ዕጢዎቹን አኮማትሯቸዋል፤ አንዱ ግን እንደ እኔው ግትር ሆኖ አንጀቴን ተጭኗል። በአንድ ወር ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ አንጀቴ እንደሚዘጋ የነገሩኝ የእናንተው ሐኪም ናቸው። ይኸው ሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሙከራ ላይ ያለችን ሴት ያለ ምርምር ክፍል ፈቃድ አልነካም አለ። ምስጋናዬ ይድረሰው፤ በሥራ ዘመኔ እንኳ እንዲህ ተፈርቼ አላውቅም።

፪. የምርምር ክፍል በበኩሉ፣ ቀዶ ሕክምና በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ስላልተጻፈ የሚወስኑት ቀዶ ሐኪሞቹ ናቸው ብሎ መለሰኝ። ዕጢው ዕቅዱን ሳያነብ በመቀመጡ እኔ ይቅርታ እጠይቅለታለሁ።

፫. ይህንኑ ለመስማት አምስት ጊዜ በእግሬ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ቀዶ ሕክምና ለመቋቋም አቅም የላትም ተብሎ የተጻፈብኝም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

የተኳረፉ ባልና ሚስት በሽማግሌ ይታረቃሉና፣ ሁለቱን ክፍሎች እንዲያስታርቁልኝ ጎረቤቴን ሐጂ ቲጃኒን ከሁለት አዛውንቶች ጋር ላክኋቸው። መጀመሪያ ካርድ አውጡ ተባሉ። ተሰልፈው አወጡ። ሐጂም ደም ግፊታቸው ተለክቶ መድኃኒት ታዞላቸው ተመለሱ። ቢያንስ በእኔ ጉዳይ አንድ ሰው ታክሟል።

ክቡር ሆይ፣ በሁለት ቢሮ መካከል የሚመላለስ ፋይል አቧራ ይጠጣል እንጂ እንደማይሞት መዝገብ ቤት ሳለሁ አይቻለሁ። እኔ ግን ፋይል አይደለሁም፤ ፈርቻለሁም። የልጅ ልጄን የትህትናን ምርቃት ማየት እፈልጋለሁ። ሁለቱን ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው አንድ ወረቀት ያስፈርሙልኝ።

በሁለት ክፍሎች የተከበርኩ፣ በአንዱም ያልታከምኩ አክባሪዎ፣
ፋንቱ ዓምደሚካኤል

ግልባጭ፦
ለቀዶ ሕክምና ክፍል
ለምርምር ክፍል
ለእድራችን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐጂ ቲጃኒ የእድራችን ዳኛም ናቸው። ምናልባት ከዘገያችሁ፣ የለቅሶው ድንኳን በየትኛው ክፍል ደጃፍ እንደሚተከል እስከ ሐሙስ እንድታሳውቋቸው ይጠይቃሉ። ካርዱን አስቀድመው አውጥተዋል።