«አይመጣም» ብለው ይጻፉልን

ግንቦት ሦስት ቀን፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ንፋሱ አቧራ እያነሣ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ባለቤቴም በሩ ላይ አካፋውን እየሳለ ተጻፈ።

ለተከበሩ የግብርና ቢሮ ኃላፊ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የታችኛው ወረዳ ሽንኩርት እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የላይኛው ወረዳ ሰዎች ደህና ነን፤ ባንሆንስ ማን ጠይቆን። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከሚጠቀለልባቸው ቁርጥራጭ ጋዜጦች ላይ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢያስቀይምዎ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። ወደ ታችኛው ወረዳ የሚወርደው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ትራክተር ሁሉ በደጃችን ስለሚያልፍ፣ ልማት ምን እንደሚመስል በዓይናችን ለማየት በቅተናል። ልጃችንም ዝም ብሎ ማየቱ አላስችል ቢለው ሚስቱን ይዞ ተከትሎት ወረደ፤ ዛሬ እዚያ በሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ ሽንኩርት ይነቅላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሃ መሳቢያው ሞተር አመሰግናለሁ። አምና ተጭኖ መጥቶ፣ እርስዎ ሪባን ቆርጠው፣ ውሃው ባለቤቴ በቆፈረው ቦይ ሲወርድ ያየን ሁሉ ጉድ ብለናል። ማምሻውን ሞተሩ ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጋር ተመልሶ ተጫነ። ባለሙያዎ ግን ባለቤቴን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «አባባ፣ ለጥገና ነው፤ ይመለሳል። ችግኙን ይትከሉ» አለው። ተከለ። ከወንዝ እየተሸከምን ልናቆየው ሞክረን ነበር፤ ሽንኩርት ግን እንደ ሰው በተስፋ አይቆይምና ደረቀ።

ሦስተኛው፣ አቤቱታ ካሉት፣ ይኸው ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቦዩን ይጠርጋል። ውሃው ድንገት ቢለቀቅ ተደፍኖ እንዳያገኘው ብሎ ነው። ወገቡን ታሟል፤ ሲመለስ ጎንበስ ማለት ስለማይችል ጫማውን የማወልቅለት እኔ ነኝ። ጎረቤቶች «ኢንጂነሩ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ፣ ሞተሩ የታችኛው ወረዳ ንብረት እንደሆነና ለምረቃው ቀን ብቻ በውሰት እንደመጣ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረዳችኝ። ይህንኑ ለባለቤቴ ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ! ኃላፊው ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ይዋሻል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ያን ቀን ራቱንም አልበላ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሞተር አልጠይቅም። የምለምንዎ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት «አይመጣም» ብለው እንዲጽፉለት ብቻ ነው። ከእኔ አፍ አላምን ያለውን ከእርስዎ ያምናል። ወገቡም ያርፋል፤ ማዘኑንም አንድ ጊዜ አብረን አዝነን እንጨርሰዋለን።

ከሩቅ ሆነው ስላሰቡልን ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ ያሉበት ድረስ መጥቼ እንዳልረብሽዎ ከደጄ እጅ የምነሣ፣

የቦይ ጠራጊው ሚስት፣ ከላይኛው ወረዳ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ሳይላክ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ቱቦ የጫነ የቢሮዎ መኪና ደጃችን ላይ ቆመ። ባለቤቴ ወገቡን ይዞ እየሮጠ ከቦዩ ወጣ፤ የልብሱን አቧራ አራግፎ ለሹፌሩ እጅ ነሣና «መጣችሁ?» አለው። ሹፌሩ ወደ ታች እየወረደ እንደሆነ ነግሮት፣ መኪናው ስለጋለበት ትንሽ ውሃ ለመነን። ለቤት ያስቀመጥኩትን ቀድቼ ሰጠሁት።